የቼዝ ኢንጂኖች በታክቲክና በፖዚሽን ሲለኩ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቼዝ የምንጫወትባት አንዲት ቡና ቤት አለች። ሁለት ቦርድ፣ አንድ መስታወቱ የተሰነጠቀ ሰዓት፣ ስልክ ደግሞ እንደ ጉድ። ጨዋታ እንዳለቀ ልጆቹ እጅ እንኳ ሳይጨባበጡ ስልካቸውን አውጥተው ኢንጂኑን፣ ማለትም ቼዝ የሚጫወተውን ፕሮግራም፣ ይጠይቃሉ። ከዚያ ክርክር ነው። «ያንተ ኢንጂን ታክቲክ ብቻ ነው፤ የኔው ግን ፖዚሽን ይገባዋል!» ዳኛ የሚያደርጉት እኔን ነው። ፀጉሬ ስለሸበተ ይመስለኛል። በየሳምንቱ ያንኑ ከምደግም አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ታክቲክና ፖዚሽን ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ታክቲክ ቆጥረው የሚደርሱበት ነው። ፈረሱ ንጉሥና ንግሥትን በአንዴ ይይዛል፤ ወይም ጳጳሱ ተሠውቶ ከሦስት ሙቭ በኋላ ማት ይመጣል፤ ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው ያልቃል። ይሠራል አይሠራም የሚለው በቆጠራ ይለያል።

ፖዚሽን ቆጥረው የማይጨርሱት ነው። የትኛው ወታደር በኋላ ዕዳ ይሆናል? የትኛው ጳጳስ በገዛ ወታደሮቹ ታጥሮ ይቀራል? ፈረሱ ማንም የማያባርረው ቤት አግኝቷል? ይኼ ሁሉ መልሱ የሚታወቀው ከሃያ ምናምን ሙቭ በኋላ ነው። እስከዚያው ግምት ነው።

አሞራ ገደል ዓሣ የገዛ ሰው ይገባዋል። የቆሮሶው ዋጋ በብር ተቆጥሮ ያልቃል። ትኩስ ነው አይደለም የሚለውን ግን ዓይኑን ዓይኑን አይቶ ነው የሚገምተው።

ኢንጂኑ ራሱ ይህን ልዩነት ያውቀዋል?

አያውቀውም። ውስጡ «የታክቲክ ክፍል» እና «የፖዚሽን ክፍል» ተብሎ የተከፈለ ነገር የለም። ያለው ሁለት ሥራ ነው፦ ፍለጋና ግምገማ። ፍለጋው «እኔ ይህን ብጫወት፣ እሱ ያንን ቢመልስ» እያለ ወደፊት ይሄዳል። በመሀል ጨዋታ ላይ በአንድ ጊዜ 35 ገደማ የሚፈቀዱ ሙቮች ስለሚኖሩ ሁሉንም ልይ ያለ ኢንጂን ከጥቂት ሙቭ በኋላ ይሰምጣል። ስለዚህ የማይረባውን ቅርንጫፍ እየቆረጠ ይጥላል። ግምገማው ደግሞ ፍለጋው የደረሰበት ቦታ ላይ ቆሞ «ይህ ለማን ይሻላል?» ለሚለው ቁጥር ይሰጣል።

ብዙ ሰው ፍለጋው ታክቲክ ነው፣ ግምገማው ፖዚሽን ነው ብሎ ይዘጋዋል። ግማሹ እውነት ነው። ግን ራቅ ብሎ የሚፈልግ ኢንጂን ፖዚሽኑም አብሮ ይሻሻላል፤ ያ ደካማ ወታደር ሲወድቅ በዓይኑ ስለሚያየው ደካማ መሆኑን ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ጥሩ ግምገማ ያለው ደግሞ ታክቲኩ ይፈጥናል፤ የት መቆፈር እንዳለበት ያውቃላ! እኔን የምትጠይቁኝ ከሆነ ታክቲክና ፖዚሽን ብለን የከፈልነው በኛ ድካም ልክ ነው። መቁጠር እስከቻልንበት ድረስ ያለውን ታክቲክ አልነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ፖዚሽን። የማሽኑ ድንበር ሌላ ቦታ ነው።

ታዲያ ድሮ «ኮምፒውተር ፖዚሽን አይገባውም» ይባል የነበረው ለምንድን ነው?

ድንበሩ በጣም ቅርብ ስለነበረ። ሁለት ምሳሌ ልስጥ።

አንደኛው የኮምፒውተር ቼዝ ተመራማሪው ሀንስ በርሊነር «የአድማስ ችግር» ያለው ነው። ኢንጂኑ ስምንት እርምጃ ብቻ ያያል እንበል። ጳጳሱ በወታደሮች ታጥሮ ሊበላ ነው፤ ማምለጫ የለውም። ኢንጂኑ ግን አንድ ወታደር ወርውሮ ባላጋራውን «መጀመሪያ ይህን ብላ» ይለዋል። ያ ሁለት እርምጃ ይወስዳል። የጳጳሱ መበላት ከስምንተኛው ወደ አሥረኛው ይሸሻል። ኢንጂኑ ከእንግዲህ አያየውም፤ ስለዚህ የዳነ ይመስለዋል። ቀጥሎ ሌላ ወታደር ይወረውራል። መጨረሻ ላይ ወታደሮቹም የሉም፣ ጳጳሱም የለም። የአንዱን ዕዳ ቀን ለማራዘም ከሌላው የሚበደር ሰው አይታችሁ ከሆነ እሱ ነው።

ሁለተኛው የማይረባው ጳጳስ ነው። ነጭ ንጉሡ፣ አንድ ጳጳስና በኤች መስመር፣ በቦርዱ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ወታደር ቀርተውታል። ጥቁር ያለው ንጉሡ ብቻ ነው፤ እሱም ኤች8 ጥግ ላይ ተቀምጧል። ኤች8 ጥቁር ቤት ነው። የነጭ ጳጳስ በነጭ ቤቶች የሚሄድ ከሆነ ያንን ጥግ ለዘላለም አይነካትም። ወታደሩን ቢገፉት ጥቁሩ መሄጃ አጥቶ አቻ ይሆናል። ባይገፉትም አቻ ነው። ጠጠር ብቻ የሚቆጥር ፕሮግራም ግን ጳጳስ ሦስት፣ ወታደር አንድ፣ በአራት ነጥብ እየመራሁ ነው ብሎ ይፎክራል። ከዚያም ብሶ፣ እየመራሁ ነው ብሎ ሩኮቹን ለዋውጦ ራሱ ወደዚህ አቻ ይገባል። የዛሬዎቹ ኢንጂኖች በዚህ አይሸወዱም። እስከ ሰባት ጠጠር ድረስ ያሉ መጨረሻዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ተሰልተው በሠንጠረዥ ተቀምጠዋል፤ ኢንጂኑ እያነበበ መጫወት ይችላል።

ዲፕ ብሉ ካስፓሮቭን ያሸነፈው በታክቲክ ብቻ አይደለም እንዴ?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ቡናዬን አስቀምጣለሁ። ዲፕ ብሉ የአይቢኤም የቼዝ ኮምፒውተር ነበር፤ ካስፓሮቭ ደግሞ የዘመኑ የዓለም ሻምፒዮን። በ1996 ፊላደልፊያ ላይ ካስፓሮቭ 4 ለ 2 አሸነፈ። በ1997 ኒውዮርክ ላይ ማሽኑ 3.5 ለ 2.5 መለሰ። ዲፕ ብሉ በሰከንድ 200 ሚሊዮን ገደማ ቦታ፣ ማለትም የጠጠሮች አቀማመጥ፣ ያይ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ሰው ከማሽኑ የጠበቀው ቆጠራ ነው።

የ1997ቱ ሁለተኛ ጨዋታ ግን ሌላ ነገር አመጣ። ማሽኑ ንግሥቱን አስገብቶ ወታደር መልቀም ይችል ነበር። «ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ወታደር አይተውም» ተብሎ የሚጠበቅ ነገር ነው። ማሽኑ ተወው። ይልቅ ጳጳሱን ኢ4 ላይ አስቀምጦ የካስፓሮቭን መተንፈሻ ዘጋ። ካስፓሮቭ በጣም ደነገጠ፤ ይህ የሰው እጅ ያለበት ሙቭ ነው ብሎ ጠረጠረ። ትንሽ ቆይቶ እጅ ሰጠ።

አስቂኙ ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። ካስፓሮቭ እጅ በሰጠበት ቦታ ላይ የማሽኑን ንጉሥ በቼክ እያሳደደ አቻ የማውጣት ዕድል እንደነበረው ቶሎ ታወቀ። ማሽኑ በፖዚሽን ዓለምን ጉድ አስብሎ በቆጠራው ተሳሳተ ማለት ነው። ካስፓሮቭ ደግሞ «እሱማ ቆጠራ አይስትም» ብሎ አምኖት ሳይቆጥር ተወው። ማን የታክቲክ፣ ማን የፖዚሽን እንደሆነ ከዚህ በኋላ ንገሩኝ።

ሰውም ቢሆን በታክቲክ ከማሽን ጋር መወዳደር የለበትም የሚያሰኘው ደግሞ የ2006ቱ የቦን ግጥሚያ ነው። ክራምኒክ የዓለም ሻምፒዮን ሳለ ዲፕ ፍሪትዝ ከተባለ ኢንጂን ጋር በሁለተኛው ጨዋታ ደህና ቦታ ይዞ የአንድ ሙቭ ማት አላየም። ንግሥቷ ኤች7 ላይ ገባች፣ አለቀ። ለጀማሪ የምናስተምረው ማት ነው። እኛ ቡና ቤት ያለ ልጅ እንዲህ ሲሸነፍ ሳምንቱን ሙሉ ይሳቅበታል፤ እኔ ግን ክራምኒክን አስታውሼ ዝም እላለሁ።

ስቶክፊሽ ታክቲክ ነው፣ ሊላ ፖዚሽን ነው የሚባለው እውነት ነው?

ነበር። አሁን ብዙም አይደለም። ስቶክፊሽም ሊላም የታወቁ ኢንጂኖች ናቸው።

ወሬው የጀመረው ከአልፋዜሮ ነው። በ2017 መጨረሻ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው ዲፕማይንድ የጨዋታውን ሕግ ብቻ ነግሮ ከራሱ ጋር እየተጫወተ እንዲማር ያደረገውን ፕሮግራም አወጣ። ከስቶክፊሽ 8 ጋር 100 ጨዋታ አድርጎ 28 አሸነፈ፣ 72 አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። የስቶክፊሽ ሁኔታ አልተመቻቸም ተብሎ ብዙ ተነጫነጩበት፤ የመክፈቻ መጽሐፍ አልነበረውም፣ ለእያንዳንዱ ሙቭም አንድ ደቂቃ ብቻ ተሰጥቶት ነበር። ቅሬታው ባዶ አይደለም። ግን ቁጥሩን ተመልከቱ፦ ስቶክፊሽ በሰከንድ 70 ሚሊዮን ገደማ ቦታ ሲያይ አልፋዜሮ 80 ሺህ ብቻ ነበር የሚያየው። ትንሽ አይቶ ብዙ የሚገባው ማለት ነው። ወታደር ሠውቶ ለሠላሳ ሙቭ ጫና ሲያደርግ ያየ ሰው «ፖዚሽን እንዲህ ነው» አለ።

ሊላ በ2018 የተጀመረችው ያንኑ መንገድ ለሁሉም ክፍት አድርጋ ነው። ድክመቷም ከዚያው የመጣ ነው። የነርቭ መረቧ፣ ማለትም ከጨዋታ ተምሮ የሚገምተው ክፍሏ፣ «ይህ ሙቭ የማይረባ ነው» ካላት ጊዜዋን አታባክንበትም። ታክቲክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይረባ የሚመስል ሙቭ ነው! ንግሥትን በከንቱ የጣሉ መስሎ ከአምስት ሙቭ በኋላ ማት የሚሆን ነገር ስቶክፊሽ በብልጭታ ሲያገኘው ሊላ ስታልፈው ታይቷል።

ከዚያ በ2020 ስቶክፊሽ 12 ራሱ የነርቭ መረብ ገባበት። ሐሳቡ የመጣው ዩ ናሱ የተባለ ጃፓናዊ በ2018 ለሾጊ፣ ማለትም ለጃፓኖቹ ቼዝ፣ ከሠራው ነው። ትንሽ መረብ ነው፤ በተራ ፕሮሰሰር ላይ በፍጥነት ይሠራል። ያ ፈጣን ፍለጋ ባለበት ሆኖ ግምገማው ተቀየረ። ስለዚህ «ስቶክፊሽ ፖዚሽን አይገባውም» የሚል ሰው የሚያወራው ከ2020 በፊት ስለነበረው ነው። እሱን ስልኩን አፕዴት አድርግ በሉት።

በምን ይለካል ታዲያ? ፈተና አለው?

አለው፣ ብዙ። በ1982 ተመራማሪዎቹ ብራትኮና ኮፔክ 24 ቦታዎች አዘጋጁ። ግማሹ ታክቲክ ነው፤ ግማሹ ወታደርን በትክክለኛው ሰዓት ገፍቶ የባላጋራን ሰልፍ ማፍረስ ነው። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፦ ሁለቱን ነጥብ ለየብቻ ይዞ ማወዳደር። 300 ቦታ ያለው የታወቀ የታክቲክ ፈተናም አለ። በኋላ የመጣው ትልቁ የፖዚሽን ፈተና 15 ርዕስ፣ በየርዕሱ 100 ቦታ አለው፤ የፈረስ ምሽግ፣ ክፍት መስመር፣ ጳጳስ ከፈረስ ጋር፣ የንጉሥ እንቅስቃሴ እያለ ይሄዳል። ለምርጡ ሙቭ ሙሉ ነጥብ፣ ለሁለተኛውም የተወሰነ ነጥብ ይሰጣል። ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ፖዚሽን ላይ ሁለት ጥሩ ሙቭ መኖሩ የተለመደ ነው።

ችግራቸው ሁለት ነው። የታክቲኮቹ ፈተናዎች ቀልለዋል። የዛሬ ስልክ በጣት ከሚቆጠሩት በቀር ሁሉንም ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይፈታቸዋል፤ ሁሉም መቶ ካገኘ ማንንም ማወዳደር አይቻልም። የፖዚሽኖቹ ችግር ይከፋል። መልሱን ያወጡት ሰዎችና የዚያን ዘመን ፕሮግራሞች ናቸው። የዛሬው ኢንጂን ከመልስ ወረቀቱ የተለየ ሙቭ ሲጫወት ተሳስቶ ነው ወይስ ወረቀቱ ነው የተሳሳተው? ተማሪው ከመምህሩ ሲበልጥ ማርክ ማን ይሰጣል?

ቤቴ ሆኜ ራሴ ልፈትን እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ስቶክፊሽም ሊላም ነፃ ናቸው። ግን መጀመሪያ የኔን ጉድ ስሙ። አንድ ቀን ማታ 40 የታክቲክ ቦታ ለሁለት ኢንጂኖች ሰጠሁ። ጥያቄዬ ፈቱ አልፈቱ ሳይሆን በስንት ሰከንድ የሚል ነበር፤ ለታክቲክ ትክክለኛው መለኪያም ይኸው ነው። አንደኛው ጨረሰ። ሁለተኛው ሊጀምር ሲል መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፣ እኔም ደስ አለኝ። ሁለተኛው በጣም ዘገየ። ቅዳሜ ቡና ቤት ሄጄ «በታክቲክ አሸናፊው ይህ ነው» ብዬ አወጅኩ። ሦስት ሳምንት ተከራከርን። በኋላ ነው ላፕቶፑ ባትሪ ላይ ሲሆን ፍጥነቱን እንደሚቀንስ ትዝ ያለኝ። ቻርጀሩን ሰክቼ ስደግመው ልዩነቱ ብን ብሎ ጠፋ። ያወዳደርኩት ኤሌክትሪክን ነበር።

ስለዚህ፦ አንድ ማሽን፣ አንድ ዓይነት ሜሞሪ፣ እኩል ጊዜ። ስልክ ሲግል ስለሚዘገይ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት።

ፖዚሽኑን ለብቻው ለማየት የምወደው ዘዴ ፍለጋውን ማፈን ነው። ሊላን «አንድ ቦታ ብቻ አይተሽ መልሺ» ማለት ይቻላል፤ ምንም ሳትቆጥር መረቧ የሚነግራትን ትጫወታለች። እንዲህም ሆና እኛን ሁላችንን ትደበድባለች! ስቶክፊሽንም በጥቂት መቶ ቦታ መገደብ ይቻላል። ታዲያ ምንም የሚፈነዳ ነገር የሌለበት ጸጥ ያለ ቦታ ምረጡ። መጀመሪያ ታፍኖ የሰጠውን ሙቭ ጻፉ። ቀጥሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲፈልግ የሚሰጠውን ጻፉ። ሁለቱ ከተገናኙ ግምገማው ጎበዝ ነው። ካልተገናኙ ጉድለቱን ፍለጋው ነው የሚሸፍንለት። መልስ ወረቀት አያስፈልጋችሁም፤ ኢንጂኑ ራሱን ነው የሚያርመው።

አሥር ጨዋታ አጋጥሜ 6 ለ 4 ወጣ። አይበቃም?

አይበቃም። ሳንቲም አሥር ጊዜ ወርውሩ፤ ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ አንበሳው የሚወጣበት ዕድል 38 ከመቶ ገደማ ነው። ሳንቲሙ ጎበዝ ሆኖ አይደለም። በመቶዎች፣ ቢቻል በሺዎች የሚቆጠር አጭር ጨዋታ ያስፈልጋል። ደግሞ ከመጀመሪያው ሰልፍ ብቻ ካስጀመራችኋቸው ሁለት ጠንካራ ኢንጂኖች አቻ፣ አቻ፣ አቻ ነው። ለዚህ ነው በትልልቆቹ የኢንጂን ውድድሮች ሆን ተብሎ ያዘነበለ መክፈቻ ተሰጥቷቸው ነጩንም ጥቁሩንም በየተራ የሚጫወቱት።

ኢሎውን አይቶ መወሰን አይሻልም?

ኢሎ፣ ማለትም ከጨዋታ ውጤት የሚሰላው የጥንካሬ ነጥብ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ይነግራችኋል፤ የ100 ነጥብ ልዩነት ማለት የበላዩ 64 ከመቶ ገደማ ነጥብ ያገኛል ማለት ነው። እንዴት እንደሚያሸንፍ አይነግራችሁም።

የኔ ኢንጂን +1.2 ይላል፣ የጓደኛዬ +0.7። የኔው የበለጠ አየ ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ግምገማው የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ ሁለቱን ማወዳደር ብርና ዶላር እንደማወዳደር ነው። እያንዳንዱ ኢንጂን የራሱ ሚዛን አለው። ስቶክፊሽ ራሱ ከ15.1 ጀምሮ ሚዛኑን ቀይሯል፤ +1 ማለት በራሱ ጨዋታዎች ስሌት 50 ከመቶ የማሸነፍ ዕድል እንዲሆን ተደርጓል። ከዚያ በፊት እንዲህ አልነበረም።

የኛን ሰንጠረዥስ መጫወት ይችላሉ?

ይህን የጠየቀኝን ልጅ ቡና ጋበዝኩት። በአገራችን ሰንጠረዥ፣ ማለትም በባህላዊው ቼዛችን፣ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ነገር አለ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም፣ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። የቼዝ ኢንጂን ፍለጋ በሙሉ የቆመው «እኔ፣ ከዚያ እሱ፣ ከዚያ እኔ» በሚለው ላይ ነው። ተራ በሌለበት ምን ይቆጥራል?

ለልምምድ የቱን ልጠቀም?

ታክቲክ ለመማር ስልካችሁ ላይ ያለው ማንኛውም ይበቃል። ፖዚሽን ለመማር ግን ቶሎ አትመኑት፤ አቆዩት፣ ሦስት አማራጭ እንዲያሳያችሁ አድርጉ፣ ሐሳቡን ሲቀይር ተመልከቱ።

ባለፈው ቅዳሜ ከልጆቹ አንዷ በጨዋታዋ መሀል ነፃ የቆመ ወታደር አልበላም ብላ ሩኳን ክፍት መስመር ላይ አቁማ ነበር። ተሳቀባት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥንና አቦሉ ተቀዳ። ኢንጂኑ «ወታደሩን ብይ» አለ። ሳቁ ባሰ። ቶናው ሲመጣ ሁለቱ ሙቮች እኩል ሆኑ። በረካው ሲቀዳ የሩኩ ሙቭ አንደኛ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ወታደሩን መብላት ሦስተኛ ወርዷል። ልጅቷ ምንም አላለች፤ ሁለተኛ ስኳሯን ጨመረች። ባለቡናዋ ናት የተናገረችው፦ «በሉ ይህን ስልክ አንሱልኝ፣ ጠረጴዛዬን አጋለው።»